አያ ፈንቴና ወፍራሙ ሸክላ

አያ ፈንቴን፣ የአባቴን ታላቅ ወንድም፣ ልጅ ሳለሁ አንቱ እለው ነበር። በእኛ አገር ታላቅ ሰው አንተ አይባልም፤ እኔም እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ፊት ለፊት አንተ ብዬው አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ። የሚቀየም ዘመድ ካለ ይቀየም።

መንደራችን ከኮኪት ወጣ ብላ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መካከል የተቀመጠች ነበረች። ዘመኑ የደርግ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ በሣር ክዳን ጎጆ ሲኖር አያ ፈንቴ ብቻ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበረው። ከአብዮቱ በፊት ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ እየተመላለሰ ሲነግድ የሠራው ቤት ነው። ንግዱ ሲቀር፣ ከቤቱ ሌላ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ፣ አሥር የሚሆኑ ሸክላዎችና ተቆጥሮ የማያልቅ ተረት ቀረው።

ያኔ፣ ፀሐይዋ እንደጠለቀች፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ በሚተፋበት ሰዓት፣ የመንደሩ ሰው ከእሱ ደጃፍ ይሰበሰብ ነበር። ለትንኝ ተብሎ የሚጨሰው ኩበት ዓይናችንን እያስነባ፣ ፍሙ ላይ የማሽላ እሸት እየተጠበሰ፣ ከበሩ መቃን የተንጠለጠለውን ፋኖስ የእሳት እራቶች እየዞሩት፣ አያ ፈንቴ ሱዳኖች አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይተርካል። እውነቱን ልናገርና፣ እንደሱ የሚተርክ ሰው ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ውሃውን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ዝሆን፣ ጥላውን ሸጦ መልሶ ለመግዛት ስለተንከራተተ ነጋዴ ሲያወራ ሕፃኑም ሽማግሌውም እሸቱን ማኘክ ይረሳ ነበር። ነገሩ ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው ድንገት ዝም ይላል። «እስቲ አሁን ሸክላው ይናገር» ብሎ ማጫወቻውን ይከፍታል። እኛ በእንጥልጥል ቀርተን፣ ስሙን ዛሬም የማላውቀው አንድ የሱዳን ዘፋኝ ዑድ ከሚሉት ባለ ክር መሣሪያው ጋር እስኪጨርስ እንጠብቃለን።

ያ ዘፋኝ ያለበት ሸክላ ከሁሉም የሚበልጥ ትልቅ፣ ወፍራምና እንደ ብረት ሰሃን ከባድ ነበር። የቀሩት በጎንደር በኩል የመጡ፣ ቀጫጭን፣ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። አያ ፈንቴ ወፍራሙን በአንድ እጃችን፣ ቀጭኑን በሌላው እያስያዘ ያስመዝነን ነበር። ቀጭኑ ሲንጫጫ የሚሰማው ድምፁን መሸከም ስላቃተው ነው ይለን ነበር፤ ወፍራሙ ግን ድምፅም ዘመንም ይሸከማል። ደግሞም ሲያጫውታቸው እንደዚያው ነበር። ቀጫጭኖቹ እንደ ጋለ ዘይት ይንቸሰቸሳሉ፣ ወፍራሙ ጥርት ብሎ ይዘፍናል። በገዛ ጆሯችን የሰማነውን እንዴት አናምን? ወፍራሙ ሸክላ ከገዳሪፍ ሲመጣ ከግመል ላይ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጭረት እንኳ እንዳልነካው የሚናገር ረጅም ተረትም ነበረው። እኔ ያን ተረት ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ዓመት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከመጡት ሠራተኞች መካከል አዳሙ የሚባል ጎጃሜ አባቴ ዘንድ ገባ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃሉን የሚያስረዝም ወጣት ነበር። ባሕር ዳር አንድ ሸክላ ቤት ተቀጥሮ እንደሠራና ቤቱ ሲዘጋ ወደ ቆላ እንደወረደ ለአባቴ ነግሮታል። ማታ ማታ እሱም መጥቶ ከሰው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ተረቱን ይሰማ ነበር፤ ደስ ሲለው አይቻለሁ።

አንድ ምሽት አያ ፈንቴ እንደ ልማዱ ሁለቱን ሸክላዎች ሲያስመዝን፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አዳሙን ጠራው። ሊቀመንበሩ ቀልድ የሚወድ፣ ቀልዱ ግን ሰው የሚያስፈራ ሰው ነበር። ሸክላ ቤት ሠርቻለሁ ብለሃል አሉ፣ አንተስ ምን ትላለህ፣ አለው። አዳሙ መጀመሪያ አልፈለገም። ሊቀመንበሩ ሲያስገድደው ተነሥቶ ወደ ፋኖሱ ቀረበ፤ ማጫወቻውን ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ መርፌው ሁለት ፊት እንዳለው አስረዳን። የአሮጌው ሸክላ መስመር ሰፊ፣ የአዲሱ ጠባብ ነው፤ አንዱ ፊት ለሰፊው፣ ሌላው ለጠባቡ የተሠራ ነው። አያ ፈንቴ ይህን ሁሉ ዓመት ቀጫጭኖቹን ሲያጫውት የነበረው በማይሆናቸው ፊት ነበር። አዳሙ አንዲት ትንሽ ማንሻ በጣቱ ገልበጥ አደረገና ቀጭኑን ሸክላ አስቀመጠ።

ያን ድምፅ አልረሳውም። መንቸስቸሱ ጠፋ። ዘፋኟ ከመካከላችን ተቀምጣ የምትዘፍን መሰለ፤ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ይሰማ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

አዳሙ ለመታየት የሚናገር ሰው አልነበረም። ድምፁ ያለው በመስመሩ ውስጥ ነው፣ መርፌው ከሥሩ ያለው ወፍራም ይሁን ቀጭን አያውቅም አለ። ወፍራሙ ሲሽከረከር ረጋ ይላል፣ ቶሎም አይጎብጥም፣ ይህን አልክድም አለ። ከዚያ ወደ አያ ፈንቴ ዞሮ በአክብሮት፣ «ይህን ያህል ዓመት ያኖረው ውፍረቱ አይደለም አባቴ፣ እርስዎ ሣጥን ውስጥ አስተኝተው ስለያዙት ነው። ከዚህ ቆርቆሮ ጋር ቢያስደግፉት ወፍራምም ቀጭንም አንድ ነው፣ ይጣመማል» አለው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ምንም አይመጣም ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ከግመል ስለ መውደቁስ ምን ትላለህ ብሎ ጠየቀ። አዳሙ አንገቱን ደፋ። ሲደጋግምበት፣ የዚህ ዓይነቱ አሮጌ ሸክላ ከወደቀ ይሰበራል እንጂ አይተርፍም አለ። ሰው ሳቀ። አብዝቶ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነበር። አያ ፈንቴም አብሮ ፈገግ አለ፤ የዚያን ዕለት የጀመረውን ተረት ግን ሳይጨርሰው ገባ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ እናቴ ወንፊት አምጪ ብላ ወደ አያ ፈንቴ ቤት ላከችኝ። ቤቱ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። አያ ፈንቴ ወፍራሙን ሸክላ ከሣጥኑ አውጥቶ በምዕራብ በኩል ካለው የቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ሲያስደግፍ ደረስኩ። ከካርቶን ልባሱም አውጥቶታል። ሲያየኝ አልደነገጠም። «ነገ ማታ ቀጥ እንዳለ ሲያዩት ያ የደጋ ሰው የሚገባበት ያጣል» አለኝ። ደስ አለኝ። አጎቴ እንዲያሸንፍ እፈልግ ነበር። ያ የግመል ተረት እውነት ሆኖ እንዲቀጥል እፈልግ ነበር።

በማግስቱ ማታ ሰው ተሰብስቦ እያለ አያ ፈንቴ ወደ ቤት ገብቶ ሸክላውን ይዞ ወጣ። በፋኖሱ ብርሃን ሁላችንም አየነው። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሊያጫውተው ሞከረ፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ዘለለና ከሸክላው ላይ ወረደ። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብሎ ሸክላውን አነሣው። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። ተረት ሊጀምር ሲል የሚይዘውን ፊት ይዞ ነበር።

«እኔ በሌለሁበት ቤቴ የገባ ሰው አለ» አለ። «ሸክላዬን እሳት አስነክቶ ያበላሸብኝ ሰው አለ።» ስም አልጠራም፤ አዳሙን ብቻ አየው።

አዳሙ ተነሣ። «አባቴ፣ እኔ ሸክላዎን አልነካሁም። የነካው ፀሐይ ነው» አለ።

«ወፍራም ሸክላ ፀሐይ አያጣምመውም» አለ አያ ፈንቴ።

ማስረጃው ይኸው ነበር። አንድን ሰው ለማጥፋት የቀረበው ማስረጃ ይህ ብቻ ነበር! ሊቀመንበሩ ቀልዱን ትቶ አዳሙን፣ እንደሚጣመም አስቀድመህ ተናግረህ የለም ወይ፣ በምን አወቅህ ብሎ ጠየቀው። ለአያ ፈንቴ ብሎ የሰጠው ምክር ዛቻ ሆኖ ተቆጠረበት። ከዚያ ሊቀመንበሩ አሻጥር የሚለውን ቃል ተናገረ። ያኔ ያ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚስቅም የሚከራከርም አልነበረም። በእኛ መንደር አሻጥር ሲባል ትራክተር መስበር፣ የመንግሥት እህል ማቃጠል፣ ለጠላት መሥራት ማለት ነበር። አሁን ደግሞ አንድ የጎበጠ ሸክላ ሆነ።

አባቴን አየሁት። አዳሙ ትናንትም ዛሬም ከንጋት እስከ ምሽት ከጎኑ ሰሊጥ ሲያጭድ ነው የዋለው። አባቴ ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁስ ነበር። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ የከፈትኩት መሰለኝ። ድምፅ ግን አልወጣም። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች አዳሙን መካከል አድርገው ወደ ኮኪት መንገድ ይዘውት ሄዱ። ጫማውን ለማጥለቅ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ያን ሰጡት።

አጨዳው አልቆ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱ ገና እስር ቤት ነበር። ከዚያ ወደ ጦር ግንባር ከሚላኩት ጋር መኪና ላይ ተጭኗል የሚል ወሬ መጣ። በዓመቱ ለአጨዳ የተመለሰ አንድ የአገሩ ልጅ አባቴ ዘንድ መጥቶ እናቱ ትጠይቃለች፣ ምን ልበላት አለው። አባቴ አላውቅም ብሎ መለሰለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አዳሙ ከተወሰደ ወር ሳይሞላው አያ ፈንቴ አዲስ ተረት ጀመረ። ከደጋ ስለ ወረደ አንድ ምቀኛ ሰው። ምቀኛው ጥሩ ድምፅ መስማት አይወድም፤ መዳፉ እንደ ፍም ይግላል፣ የነካው ሁሉ ይጣመማል። አያ ፈንቴ የጎጃሜውን አነጋገር እያስመሰለ ቃላቱን ሲያስረዝም ልጆቹ ተንከባለሉ። አዋቂዎቹም ሳቁ። ከእነሱ መካከል ግማሾቹ አዳሙ ጉድጓድ የቆፈረላቸው፣ እንጨት የፈለጠላቸው ናቸው። ተረቱ ደግሞ ያምር ነበር። ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል፤ ያምር ነበር።

ተነሥቼ ቆምኩ። «አያ፣ ሸክላውን ከግድግዳው ጋር ያስደገፉት እርስዎ ነዎት። አይቻለሁ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ፈንቴ ለአፍታ እንኳ አልተደናገጠም። ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ፣ ምቀኛው ከመሄዱ በፊት የአንዲት ትንሽ ልጅ ዓይን ላይ እፍ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ልጅቱ የሌለውን ታያለች፣ ብሎ ተረቱን ቀጠለ። ሳቁ ተመለሰ። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። መንገድ ላይ ይመታኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመታኝም። የማሽላውን እርሻ ስናልፍ ቆመና፣ «ታንጉት፣ እኔም አውቃለሁ። ከእኔ ጋር ነው የዋለው። ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ? ሁለተኛ እንዳትናገሪ» አለኝ።

ቢመታኝ ይሻል ነበር። እስከዚያ ድረስ አባቴ አላወቀም ብዬ እሱን አልወቅሰውም ነበር፤ አያ ፈንቴን ብቻ እጠላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቁጣዬ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠፋኝ። እራት ስንበላ የአባቴን እጅ እያየሁ ያ እጅ ፍም ሲቆሰቁስ ይታየኝ ነበር። ወደ አያ ፈንቴ ደጃፍ ዳግመኛ አልሄድኩም። የምሽቱ ንፋስ ሳቃቸውን እስከ ጎጇችን ያመጣው ነበርና ጆሮዬን ይዤ እተኛ ነበር።

ደርግ ወድቆ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አያ ፈንቴ ገንዳ ውሃ ከተማ ልጁ ቤት አልጋ ላይ ወድቆ ልጠይቀው ሄድኩ። አርጅቶ፣ ከስቶ ነበር፤ ድምፁ ግን አልከሳም። የልጅ ልጆቹ አልጋውን ከበው ተቀምጠዋል። ብቻችንን እስክንሆን ጠበቅሁና ስለ አዳሙ ጠየቅሁት።

«አዳሙ ማነው?» አለኝ።

የሚያስመስል መስሎኝ ፊቱን መረመርኩት። አያስመስልም ነበር። ጎጃሜው፣ የአባቴ ሠራተኛ፣ ሸክላውን አጣመመ ብለው የወሰዱት፣ አልኩት። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «እህ፣ የባለ ትኩስ መዳፉ ተረት! እሱንማ ልጆቹ ይወዱታል» አለ። ሰውየው ጠፍቶት ተረቱ ቀርቶለታል። ደህና ይሁኑ ብዬው ወጣሁ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እንደሱ ያለ ተረት አዋቂ አይገኝም እያለ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም።

እኔም ብሆን ከእሱ የምሻለው በጥቂቱ ነው። አዳሙ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ሲያይ ፋኖሱ አንገቱ ላይ የጣለው ብርሃን፣ ረጅም ጣቶቹ፣ ጫማውን ሲያስር ያለመቸኮሉ፣ ይህ ሁሉ አለኝ። ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር እሱን የሚያውቅ ሰው ለመጠየቅ አስባለሁ። ግን አዳሙ ማን ብዬ ልጠይቅ? የአባቱን ስም አላውቅም። አባቴ ያውቀው ነበር፤ አባቴ ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። አሁን እሱም ሞቷል።