ለሁለት የተቆረሰው ቂጣ

ኤልዓሳ በኢየሩሳሌም፣ በጋጋሪዎች ጎዳና፣ ከአባቱ በወረሰው ምድጃ ዳቦ ሲጋግር ያረጀ ሰው ነው። ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱም ሞታለች። የቤቱ ሙቀት ይዲዳ ነበረች፤ በክፉ ዘመን እናቷ ከገባዖን አምጥታ በባርነት የሰጠችው የወገኑ ልጅ። ሕጉ በሰባተኛው ዓመት ልቀቃት ይላል። ሰባተኛው ዓመት መጥቶ አለፈ፤ ኤልዓሳ አልለቀቃትም። ጎረቤቱም ሁሉ ባሮቹን እንደያዘ ነበር።

ባቢሎናውያን ከተማይቱን ሲከቡ ግን ሕጉ ለሁሉም ትዝ አለው። ፍርሃት ጥሩ አስታዋሽ ነው። ባሮችን ለመልቀቅ ቃል ኪዳን ሲገባ እምቦሳ ታርዶ ለሁለት ተከፈለ፤ ኤልዓሳም ከሰው ጋር በሥጋው መካከል አለፈ፤ ቃሌን ባጥፍ እንደዚህ ልሁን ማለቱ ነው። ቤቱ ሲገባ፣ "ነፃ ነሽ" አላት።

ይዲዳ እጇን ከሊጡ አወጣች። "እውነትህን ነው፣ አባቴ?"

እስከዚያ ቀን "ጌታዬ" እና "እርስዎ" ነበር የምትለው። ሽማግሌው ፊቱን አዞረ፤ በጭሱ አመካኘ።

ብዙም ሳይቆይ የግብፅ ጦር መጣ ሲባል ባቢሎናውያን ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። የከተማው በር ተከፈተ። ይዲዳ ወደ እናቷ ልትሄድ ጓዟን ቋጠረች።

ጎረቤቱ ፋልጢ በደጃፉ ብቅ አለ። "እኔ የለቀቅኳቸውን ባሮቼን መልሻለሁ። አንተ በዚህ ጉልበትህ ሊጥ ልታቦካ ነው?"

"ያ ነቢይ ግን ባቢሎናውያን ይመለሳሉ እያለ ነው እኮ።"

"እሱ ደግሞ! ሠርግ ቤት ቢጠሩት ሙሾ የሚያወርድ ሰው!"

ሁለቱም ሳቁ። ኤልዓሳ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ውስጥ ዞረ። "ይዲዳ፣ የትም አትሄጂም።" ለራሱ ይህን ፍቅር ብሎ ጠራው። ሰው መልቀቅ ያቃተውን ነገር ሁሉ በፍቅር ስም መጥራት ይወዳል።

እሷም ጓዟን ፈታች። "እንዳሉ፣ ጌታዬ።"

ባቢሎናውያን ተመለሱ። በሩ ተዘጋ፤ የጎዳናው ምድጃዎች ተራ በተራ ቀዘቀዙ። ፋልጢን ረሃብ ጣለው። ኤልዓሳ የማድጋውን የዱቄት ጥራጊ አራግፎ የመጨረሻዋን ቂጣ ጋገረና በይዲዳ እጅ ላይ አኖራት።

"ያዢና ሂጂ፣ ልጄ። ነፃ ነሽ።"

"ወዴት?" አለች።

ከውጭ ቅጥሩን የሚደበድበው ግንድ ይሰማል። ወደ እናቷ የሚወስደው መንገድ ያኔ ክፍት ነበር፤ የዘጋባት እሱ ነው። ነቢዩ ጥፋት ይመጣል ሲል ከሰማይ የሚወርድ እሳት ይመስለው ነበር። በአንዲት "ወዴት?" እንደሚመጣ ማን ነገረው?

ይዲዳ ቂጣዋን ለሁለት ቆርሳ በሳንቃው ላይ ጎን ለጎን አኖረቻት። ኤልዓሳ በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለውን ክፍተት ሲያይ እምቦሳው ታወሰው፤ መንካት ፈራ።

እሷ አንዱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

"ብላ እንጂ" አለችው፤ "ይቀዘቅዝብሃል።"