ከወፏ ኋላ የነበረው ሰው

ባሌ ፎቶ አይነሳም ነበር። አያትሽን ነው የምልሽ። ሰርግ ላይ ስልክ ሲወጣ ጫማውን ፈልጎ ይወጣል። ልጆቹ ሰርቀው ሊያነሱት ሲሉ ፊቱን በእጁ ይከልላል። ሰው ላይ አይፈርድም፣ "እኔ ግን አልፈልግም፤ የኔን መልክ አላህ ያውቀዋል" ይላል፣ በቃ። መታወቂያው ላይ ብቻ አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረችው። እሷንም እኔው ኮቱ ኪስ ውስጥ ሳላያት ከልብሱ ጋር አጠብኳት። ፊቱ ታጥቦ ሄደ። ያኔ ሳቅን። "ገላገልሽኝ" አለኝ።

ከሞተ ዓመት አለፈው፣ አላህ ይዘንለት። እንግዲህ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ፣ አረማመዱ አለ፣ ሳሉ እንኳ አለ። ፊቱን ላምጣ ስል ግን አንዴ ወንድሙ ይመጣል፣ አንዴ ትልቁ ልጄ ይመጣል። እሱ አይመጣም። አርባ ምናምን ዓመት አብሬው የበላሁ ሰው! ለማንም አልተናገርኩም፣ አፍሬ ነው።

ያን ጊዜ ነው ወፍ የሚያነሳው አስተማሪ ትዝ ያለኝ።

አመጣጡን ልንገርሽ። እዚህ ኪቶ ፉርዲሳ ከተማው ዳር ስለሆንን፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ባየን ቁጥር ልባችን ይመታል፤ መሬት ሊቀይሱ ነው እንላለን። አንድ ቀን ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ወዳለችው ቡናችን ብወጣ፣ አጥሩ ስር አንድ ወጣት ባለሦስት እግር ብረት ተክሏል። ብረቱ ላይ እንደ ክንዴ የሚረዝም ጥቁር ነገር አስቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደኛ ያነጣጥራል። ቀያሽ ነው! ሮጬ ተመለስኩ። "ተነስ፣ መጡልህ!" አልኩት። አያትሽ ተነሳ። ከሳጥኑ የቦታችንን ካርታ አወጣና ይዞ ወጣ። እኔም ከኋላው።

"ይኸው ካርታው" አለው፣ ሰላምታም ሳይሰጠው።

ልጁ ካርታውን አየ፣ እሱን አየ። "አባባ፣ እኔ ወፍ ላነሳ ነው የመጣሁት።"

"ወፍ?"

"ሾላው ላይ ያለችውን። አረንጓዴዋን፣ ስትበር ክንፏ ቀይ የሚሆነውን።"

"እሷማ ካርታ የላትም" አለ አያትሽ። "ታዲያ ቅጠል የሚመስል ልብስ ለብሰህ ምን ያስደብቅሃል?"

"እንዳታየኝ ነው።"

"እኔ ከደጄ አየሁህ። ወፏ ከኔ ዓይን ታንሳለች?"

ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን እስከ ምሳ ድረስ አልተመለሰም።

ካምፓስ ውስጥ የሚያስተምር ነው። ከሩቅ አገር ነው የመጣው፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። ያ ጥቁር ነገር ሌንስ ነው፤ ሩቅ ያለችውን ወፍ አምጥቶ አፍንጫሽ ስር ያስቀምጥልሻል። ሦስት ቀን ተመላለሰ። እሱ ገና አጥሩ ጋ ሲደርስ ወፏ ብድግ ትላለች። አያትሽ ቡናውን ሲያርም ግን ከራሱ በላይ ተቀምጣ ፍሬዋን ትበላለች፣ ለምዳዋለች። በአራተኛው ቀን አዘነለት መሰለኝ፣ "እኔ ልግባና ሳሬን ልረም። እኔ ካለሁ ትመጣለች። አንተ እዚሁ ሆነህ አንሳት" አለው። ከዚያ ጣቱን አነሳበት። "እኔን ግን እንዳታነሳ።"

"አባባ፣ ይሄ ሌንስ የሚያጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወፏን ከያዘ፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ እንደ ጉም ነው የሚሆነው። ሰው ይሁን ግንድ አይለይም።"

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ እሱን ተወው። አማና በል።"

"አማና" አለ ልጁ። እኛ ዘንድ አማና ካሉ አደራ ነው፤ ቃሉን እኛው ጋ ነው የተማረው። ክብደቱን ግን ያወቀ መስሎኛል፣ ፊቱ ኮስተር ብሎ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ አያትሽ ይገባል፣ ወፏ ትመጣለች፣ ልጁ ያነሳል። ሲጨርስ ከካሜራው ጀርባ ያሳየዋል፤ አያትሽ መነጽሩን አድርጎ ያያል። "ሱብሃነላህ! ሠላሳ ዓመት ከራሴ በላይ ስትበላ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት እንዳለ አላየሁም ነበር!" ይላል። እሱን የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ወፏን ነው።

በዚያው ዓመት ቡና ለቀማው ሳያልቅ ሞተ። አስተማሪው ቀብር መጥቶ ነበር።

እንግዲህ ፊቱ ሲጠፋብኝ፣ "እስቲ ለዚያ ልጅ ደውይልኝ" ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። እናትሽም ከጊንጆ በባጃጅ መጣች። የኔን ነገር አታውቅም፣ ለራሷ ነው የፈለገችው። ፎቶውን የምትሰቅልበትን ግድግዳ እንኳ መርጣለች፤ "ሳሎን፣ ከሶፋው በላይ" ትላለች።

ልጁ ከፈተልን። ወፏ አለች፣ ላባዋን አንድ በአንድ ትቆጥሪዋለሽ። ከኋላዋ ነጭ እድፍ የመሰለ ነገር አለ።

"ይቺ ነጯ አባባ ናቸው" አለ።

"ይሄ?" አለች እናትሽ። "በኮምፒውተር አይጠራም?"

"አይጠራም። ያልያዘውን አያመጣም።"

ሌላ አሳየን፤ እንደዚያው ነው። ሌላም። እድፉን አፍጥጬ ባየው ባየው ፊት አይወጣውም። ልጁ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ጫነ፣ ግን አልዘጋውም። አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ አንድ ሌላ አለ። አንድ ቀን ሌንሱ ወፏን ስቶ የኋላውን ያዘ። የተበላሸ ፎቶ ነው፣ ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ከፈተው። ወፏ አረንጓዴ ጉም ሆናለች። ከኋላዋ አያትሽ ቆሟል።

እናትሽ "ኧረ አባ!" ብላ ስክሪኑን በመዳፏ ያዘችው፣ እንደሚወድቅ ልጅ። ወዲያው፣ "ወደ ስልኬ ላክልኝ፣ አሁኑኑ ላክልኝ" አለችው።

"ቆይ" አልኳት። "እሱ ያውቅ ነበር?" ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

"አያውቁም፣ እማማ።"

እስከ ዐስር ሶላት ልየው አልኩ። እናትሽን ጎኔ አስቀመጥኳት፣ አየነው። ስክሪኑ ደብዘዝ ሲል ልጁ በጣቱ ነካ ያደርገዋል፣ ይበራል። ያ ሁሉ ወር የሸሸኝ ፊት፣ ይኸው፣ ቁጭ ብሎልኛል። የዐስር አዛን ሲል፣ "አጥፋው" አልኩት።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?" እናትሽ ተነሳች። "ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የሞተው? አባቴ እኮ ነው!"

"አባትሽ ነው። አማናው ግን የሱ ነው። ይሄን ልጅ ይቅር ማለት የነበረበት እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የለም። እኔ በሱ ቦታ ይቅር ልል አልችልም።"

"ሞቷል እኮ! ማን ይቆጣል?"

"የሚቆጣ ስለሌለማ ነው!" አልኳት፤ ድምፄ ከፍ አለ።

ልጁ እጁን መለሰ። "እማማ፣ ከጠፋ መልሼ አላመጣውም።"

"አውቃለሁ። አጥፋው።"

አጠፋው። እናትሽ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች፣ ሁለት ጁምዓም አልመጣችም። ስደውልላት ታነሳለች፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ትዘጋለች። ወላሂ እውነት ነበራት፣ የሷም አባት ነው። ልክ ሠራሁ ብዬ አልፎክርም። የልጁ ጣት ሲጫን ያመመኝ አሁንም ያመኛል። አንዳንዴ ለዱዓ እጄን ስዘረጋ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ባሳደርኩት እላለሁ።

ግን አያትሽ የከለከለው መነሳትን እንጂ መወራትን አይደለም። ስለሱ ሲወራማ ደስ ይለው ነበር። የጠራሁሽም ለዚህ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺ ቆጥረሻል። ያየሁትን ሳይጠፋብኝ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ፤ እናትሽ ስትመጣ ታነቢላታለሽ።

ጢሙ አገጩ ላይ ነጭ ነው፣ ጉንጩ ላይ ግን ገና ጥቁር አለው። የግራ ቅንድቡ ጫፍ ላይ ፀጉር የለም፤ ልጅ ሆኖ ቅርንጫፍ የመታው ቦታ ነው፣ እኔ ረስቼው ነበር። የታችኛው ከንፈሩ መሃሉ ተሰንጥቋል። ጆሮው ትልቅ ነው፣ እንደ እናትሽ። የሸሚዙን ቁልፍ አንዱን ዘሎ ነው የቆለፈው፣ ኮሌታው ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ዓይኑ ወደ ካሜራው አይደለም፣ ወደ ቤቱ ነው፤ ጠበብ አድርጎታል፣ ፀሐይ እየወጋው ነው። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል። እኔን ሊጠራ ነው።