ከአኳሪየሙ ሥር የገጠምሁት ባትሪ

አባቴ ግራ ጎኑ ከተያዘና አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ ደስ ብሎት የሚያየው ነገር ዓሳ ብቻ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ አኳሪየሙን ከነመቀመጫው ከአዲስ አበባ ላከለት፤ መቀመጫው ባለ ሁለት በር የቺፑድ ሳጥን ነው። አልጋውን ወደሱ አዞርንለት። ከስድስቱ ዓሳዎች ሦስቱ በአንድ ክረምት አለቁ። ደብረ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋላቸው ፓምፕ ይቆማል፤ ዓሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አባቴም አብሯቸው የታፈነ ይመስል ይቃትታል። አንዷ በሞተች ቁጥር ሁለት ቀን እህል አይቀምስም ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የቀረሁ ነኝ። ሥራዬ አባቴን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ። አልዋሽም፣ ሰልችቶኝ ነበር። ሰው ከማገላብጥ ሽቦ ብቀጣጥል ይሻለኛል ብዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ባትሪና በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ልገጥም ተነሣሁ።

ፓምፑን ወንድሜ ላከ። አሮጌ ባትሪ ከባጃጅ ጠጋኙ ጎረቤታችን አገኘሁ።

«ለዓሳ? አንች ልጅ፣ እኛ በጨለማ እየበላን!» ብሎ ሳቀብኝ። ግን መከረኝ። «ፓምፑን ከውሃው በላይ አርጊው። ነዳጅ በጎማ ስንስብ አላየሽም? ዝቅ ካለ፣ ሲቆም ውሃው ወደ ታች ነው የሚወርድ።»

ከውሃው በላይ ያለው ቦታ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ ደግሞ እናቴ ሥዕለ ማርያምን አቁማለች፣ አባቴ ዓሳውን ሲያይ እሷንም እንዲያይ።

«እመቤቴ ፊት ሞተር ልታስጮሂ?» አለች።

«ትንሽ ፈቀቅ ብናደርጋት እኮ...»

«ማንን? እሷ ናት ላንች ፓምፕ ፈቀቅ የምትል? አርፈሽ ከታች ቅበሪው!»

ከታች ቀበርሁት። የሳጥኑን ጀርባ በጋለ ምስማር በስቼ ቱቦውን አሳለፍሁ፤ ባትሪውን ጡብ ላይ አስቀመጥሁ፤ በሩን ዘጋሁ። መብራት ጠፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፋው ሲወጣ አባቴ በደህናው እጁ የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረገ። ሲደሰትም፣ ሲጠራንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ እሑድ መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ እኔ ጓዳ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። አባቴ አልጋውን መታ።

«መጣሁ!» አልሁ። አልሄድሁም።

ደግሞ መታ። ጎኔን ለውጡኝ ማለቱ ነው፣ ትንሽ ይቆይ አልሁ። ሲያበዛብኝ ሙዚቃ ከፈትሁ።

ስገባ ወለሉ ውሃ ነው። ባትሪው ደክሞ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቱቦው ወርዶ ሳጥኑን አጥለቅልቆታል። ቺፑዱ እንደራሰ ዳቦ አብጦ አንድ ጎኑ ሰምጧል። ዓሳዎቹ ሁለት ጣት በማይሞላ ውሃ በጎናቸው ተኝተዋል። ለቅሜ ሳፋ ውስጥ ከተትኋቸው። አንዷ ትንፋሽ ነበራት፤ እናቴ ሳትመለስ እሷም ሄደች።

አባቴ ውሃው ከላይ እስከ ታች ሲጎድል ተኝቶ አይቶታል። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ነበር።

እናቴ እስካሁን የምትረግመው ባትሪውን ነው። አላረምኋትም። አባቴ ግን «መጣሁ» ማለቴን ሰምቷል። ወንድሜ ሌላ አኳሪየም ልላክለት ቢል ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ። አሁን ፊቱን ሳጥበው ዓይኑን ይጨፍናል። ሳሙናው እንዳይገባበት ነው እላለሁ። ፎጣውን ካነሣሁ በኋላም አይገልጠውም።