ዋስ የማይጠይቅ ሥራ

ዛሬ ጠዋት፣ በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን፣ አባቴ ስብሰባችን ላይ ዋስ ይዘው ገቡ።

ስብሰባው በኢንተርኔት ነው። አለቃችን ሄለን አዲስ አበባ፣ እኔ ሰቆጣ ኢንተርኔት ቤት፣ ሌሎቹ አዲስ ፕሮግራመሮች በየከተማቸው ቁጭ ብለን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ስንባል ነበር። (ከየትም የመጣ ሰው ግን የለም።)

አባቴ ከገጠር የወጡት በሥራዬ ጉዳይ ሊወስኑ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የቅጥር ምዝገባ ነገ ያበቃል፤ ይህ ሥራ ካላሳመናቸው እዚያ ልመዘገብ ነው። ዋሱ ጎረቤታችን መምህር ሞላ ናቸው፤ ለወጉ ኮት ለብሰዋል።

"ልጄ፣ ዋሱ ይኸውልሽ" አሏት አባቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው።

"አባባ፣ እኛ ዋስ አንጠይቅም" ብላ ሳቀች ሄለን።

"የላካችሁለትን ላፕቶፕ ይዞ ቢጠፋስ?"

የወለዱኝ አባቴ ናቸው እንግዲህ።

"እናምነዋለን።"

"ሳታውቁት?" ፊታቸው ጠቆረ። "እሺ፣ እናንተስ ደመወዙን ሳትከፍሉ ብትጠፉ? የእናንተ ዋስ ማነው?"

ሄለን ማይክሮፎኗን ዘግታ የቅጥር ውሉን ማገላበጥ ጀመረች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬን ብሎ ደህና ነው።

ከአዲሶቹ አንዱ "እኔም ልጠይቅ ፈልጌ ፈርቼ ነው" ብሎ ጻፈ። ሌላዋም "እኔም" አለች።

"እውነትዎን ነው፤ እስከ ደመወዝ ቀን ይዩን" አለች ሄለን በመጨረሻ።

አባቴና መምህር ሞላ በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ተመካከሩና ፈረዱ፦ "ምዝገባው ይቅር። ካልከፈላችሁ ግን ልጄን እወስዳለሁ።"

ውሉ እኔን በሙከራ ላይ ያለ ተቀጣሪ ይለኛል። ከዛሬ ጀምሮ ድርጅቱም አባቴ ዘንድ በሙከራ ላይ ነው።

እናንተስ፣ ሥራ ስትጀምሩ ከቤተሰብ ማን አብሯችሁ ገባ? ጻፉልኝ፣ እንዲህ የሆንኩት ብቻዬን አይምሰለኝ።