አክስቴ ታየችና የጠፋው ጋን

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሺራ ከሥራ ስትመለስ ሮቫ አሌፍ ሰፈር ካለው ቤቴ ጎራ አለችና ፊልም ከፈተችልኝ። ሐብሐብ ቆርጠን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። በአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት ሴቶች ማን ትልቅ ዱባ ያበቅላል እያሉ ይፎካከራሉ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሺራ ናት የምትነግረኝ። አንደኛዋ ዱባዋን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ስትደግንበት፣ እኔ ከሶፋው ጠፋሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ወገራ ገባሁ።

ወዲያው የዚያች ሴት ዱባ ተሰረቀ ተባለና መንደሩ ተተራመሰ።

«ራሷ ናት የደበቀችው፤ ተበላሽቶባት ነው» አልኩ።

«ዳይ፣ ሳፍታ! ይሄን ሴሬት አይተሽዋል እንዴ?» አለች፤ በዕብራይስጧ «በቃሽ፣ አያቴ» ማለቷ ነው።

«ፊልሙን አላየሁም። ሴትዮዋን ግን አውቃታለሁ።»

ፊልሙን አቆመችው። እኔም ነገርኳት።

አክስቴ ታየች የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ። እጆቿ ሁልጊዜ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታሉ። ስትስቅ አፏን በክንዷ ነበር የምትሸፍነው፣ መዳፏ ጭቃ ስለሆነ። ልማድ ሆኖባት በበዓል እንኳ፣ እጇን ታጥባ ነጭ ለብሳ፣ በክንዷ ትሸፍናለች። ማሰሮ ከእሳት ሲወጣ በጣቷ አንጓ ኳ አድርጋ ታዳምጠዋለች። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። እኔንም ግንባሬን ኳ ታደርገኝና «ይህቺስ ደህና ተተኩሳለች» ትለኝ ነበር።

ፉክክሯ ከጎረቤቷ ከእትዬ በላይነሽ ጋር ነው። አንዷ ለገንቦ አንድ ጆሮ ብታወጣለት ሌላዋ ሁለት ታወጣለታለች። አክስቴ በሥራዋ ላይ አውራ ጣቷን ትጫናለች፤ እትዬ በላይነሽ በጥፍሯ ሦስት ጊዜ ትጭራለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን የስግድ ጋን ነበር፤ በስግድ፣ በኛ በአይሁዶቹ በዓል፣ ጾመን ከተራራው ስንወርድ መንደሩ ሁሉ ጠላ የሚቀዳበት ጋን። ቀድሞ ተተኩሶ፣ ቄሱ አባ መኮንን ሲያንኳኩት ጥርት ብሎ የጮኸው ይመረጣል።

ያን ዓመት የአክስቴ ጋን ደርቆ፣ ለእሳት ተዘጋጅቶ ነበር። ምን ይሆናል፣ የወር ቀኗ ደረሰና መርገም ጎጆ ገባች። የኛ ሴቶች በዚያን ጊዜ ሰባት ቀን ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ነው የሚቀመጡት። ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሯል፤ እሷ አትወጣም፣ ሌላው አይገባም። ምግቧን ከድንጋዩ ላይ የማስቀምጥላት እኔ ነበርኩ። እትዬ በላይነሽ ታዲያ ይችን ሰባት ቀን አገኘች! ትናንት የሠራችውን ጋን ዛሬ ፀሐይ ላይ፣ ነገ እሳት ላይ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ የእትዬ በላይነሽን ጩኸት ሰማን። «ሌባ! የበዓሉን ጋን ወሰዱት!»

አጎቴ «ጋን እኮ ነው፤ በብብት ይያዛል እንዴ?» ቢል ማን ሰምቶት። «ታየች ናት! ሰው ልካ ነው!» ተባለ። እውነት ከሆነ ዕድሜ ልኳን የበዓል ጋን አትሠራም አሉ ሽማግሌዎቹ። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። በሰው ፊት ስሟ የሚነሳው በዚያ ጋን ነበር።

መንደርተኛው እየፎከረ ሄደና ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አልፎ አይገባ ነገር! ከሩቅ ሆነው መጮህ ብቻ።

«አንቺ ታየች፣ ጋኑን አስወስደሻል?» አሉ አባ መኮንን።

«አባ፣ አምስት ቀኔ ነው ከዚህ ሳልወጣ። ጋን በምኞት ይነሳል?»

«ያንቺ ምኞትማ ተራራ ያነሳል!» አለች እትዬ በላይነሽ።

«በላይነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋንሽ ስንት ቀን ደረቀ?»

እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አክስቴም አየቻትና ወደ ቄሱ ዞረች። «ሌባ አትፈልጉ አባ። ጋኑ ለበዓሉ ይደርሳል።»

«አመነች! አመነች!» ብሎ ሰው ተበተነ።

እኔ እያለቀስኩ ወደ ወንዙ ስወርድ እግሬ ሥር ቀይ ገል አየሁ፣ ሦስት ጭረት ያለበት። እየሮጥኩ ተመለስኩ። «አክስቴ! ልንገራቸው?»

«አውቃለሁ። ገሉን በነጠላዋ ቋጥራ ሦስት ጊዜ ስትመላለስ አይቻታለሁ። ሳይደርቅ ተኩሳው ፈንድቶባት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷ አፍራ ሥራዋን ብትተው፣ ከማን ጋር ልፎካከር ነው? ሥራዬን እንደ እሷ የሚያውቅልኝ ማን አለ? ወርውሪው ወንዝ ውስጥ።»

ወረወርኩት።

በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ታጠበች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ገባች። በማግስቱ የራሷን ጋን አንገት ትንሽ አረጠበችና ከአውራ ጣቷ ምልክት አጠገብ ሦስት ጊዜ ጫረችበት። ተኮሰችው። ሲበርድ ከእናቴ ጋር በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እትዬ በላይነሽ ደጃፍ አቆሙት።

አባ መኮንን መጥተው አንኳኩት። እንደ ደወል ጮኸ። «የማን ነው?» አሉ።

እትዬ በላይነሽ ምልክቱን በጣቷ ዳሰሰችው። በኋላ «የታየች ነው አባ» አለች። «የእኔን እሳት በላው። ሌባ የለም፤ እኔው ነኝ ያቻኮልኩት።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። አክስቴ አፏን በክንዷ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ተስማሙ እንዳትሉ። ያኑ ዕለት ማታ ጋኑ በየትኛው ጭረት በኩል ይበልጥ ይጮኻል ብለው ተጣሉ። ግን እኔ እስካደግሁ ድረስ የስግድ ጋን ሁለቱንም ምልክት ሳይዝ ቀርቶ አያውቅም።

ሺራ ፊልሙን ቀጠለች። እንዳልኩት ሆነ፤ ዱባው በስብሶባት ኖሯል። ሺራ አንዴ እኔን አንዴ ቴሌቪዥኑን አየችና ሄዳ ከመስኮቱ ላይ ኩባያዬን አነሳች። ሮቫ ሔት ባለው የአዛውንቶች ሞአዶን፣ በመዋያ ቤታችን፣ የሠራኋት ትንሽ ኩባያ ናት፣ ጠመም ያለች። ገለበጠቻት። ከሥሯ አንድ አውራ ጣት፣ ሦስት ጭረት።

በጣቷ አንጓ ኳ አደረገቻትና ጆሮዋን ደገነች። ከዚያ ዞር ብላ ግንባሬን ኳ አደረገችኝ።