የፒልሬ የጓሮ ኮክና የማንሶክ መጋዝ

ማንሶክ በኮክ ዛፉ ላይ የፈረደው በሐምሌ መጨረሻ፣ በአባቱ የሙት ዓመት መታሰቢያ ዕለት፣ የቀረበለትን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ከበላ በኋላ ነው። ማንሶክ የፒልሬ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቆማ ያበሰለችውን ሴት ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«የኡንሚ እናት፣ ያ የጓሮሽ ዛፍ መቆረጥ አለበት» አላት።

«ምን አደረገ ጋሼ?»

«ምን አደረገ ትያለሽ እንዴ! የኮክ ዛፍ ሙት እንደሚያባርር ከናንተ ቤት በቀር የማያውቅ የለም። አባባ የመታሰቢያውን ማዕድ ሊቀምስ በሩ ድረስ መጥቶ ዛፉን ሲያይ ይመለሳል። ፍሬውን አላየሽውም? አንዱ ትል፣ አንዱ ብስባሽ! ቁጣው ነው። የከርሞው መታሰቢያ ሳይደርስ መጋዜን ይዤ እመጣለሁ።»

ፒልሬ ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኖቹን እያንኳኳች ሰበሰበች። ደግሞስ ለምን አታንኳኳ! ማንሶክ ታች መንደር አዲስ ቤት ሠርቶ ሲወጣ፣ ሽማግሌ ወላጆቹን ከነአሮጌው ቤታቸው ለታናሽ ወንድሙና ለፒልሬ ጥሎላቸው ነው የሄደው። እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመመቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ የመገበቻቸው እሷ ናት። መታሰቢያውም «የአባባ ነፍስ የምታውቀው ይህንን በር ነው» ተባለና እዚያው ቀረ። የበኩር ልጅነቱ የሱ፣ ድስቱ የእሷ!

ዛፉን የተከለው ባሏ ነው፤ ኡንሚን አርግዛ ኮክ ኮክ ባላት ጊዜ። ኮክ ግቢ ውስጥ አይተከልም ብለው መንደርተኛው ሁሉ ሲያወግዙት፣ «እኔ የምፈራው ሙት ሳይሆን ያማራትን ያጣች ነፍሰ ጡር ነው» ብሎ የሶያ ማጣፈጫ ከሚብላላባቸው ማሰሮዎች ጀርባ ተከለው። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ኡንሚ አግብታ ወደብ ከተማ ሄደች፤ ባሏም ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የምታየው ያንን ዛፍ ብቻ ነው። እሱን ነው የሚቆርጠው!

በማግስቱ ከወደቀውም ካልወደቀውም ፍሬ ጥቂት ጥቂት ለቅማ ቢላ ይዛ ተቀመጠች።

«ቁጣ ከሆነ እስቲ ቁጣውን ልየው» አለችና መሰንጠቅ ጀመረች።

የአንዱ ፍሬ ቆዳ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ ከአፉ ላይ የሙጫ ጠብታ ደርቋል፤ ውስጡ ዘሩን ዞሮ የሚበላ ትል። ሌላው ጎድጎድ ብሎ ተጣምሟል፤ ከጎድጓዳው ሥር ሥጋው እንደ ቡሽ ደርቋል። ይህ ሲነኩት የሚገማው ጠፍጣፋ ተባይ የመጠጠው ነው። ሦስተኛው ቡናማ ሆኖ በስብሶ አመድማ ሻጋታ ለብሷል። ፒልሬ ለዚህ አዲስ አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ በየዓመቱ ከሴቶች ጓድ ጋር የባለ እርሻዎችን ኮክ በወረቀት ከረጢት ስትሸፍን የኖረች፣ በቀን ሁለት ሺህ ፍሬ የምታለብስ ሴት ናት። የእሷን ጣት የሚቀድም ጣት በወረዳው የለም።

ግራ የገባት ግን ትሉ ነው። የእሷም ኮክ እኮ ተሸፍኗል! ከረጢቱ አልተቀደደ፣ ማሰሪያው አልተፈታ። በየት በኩል ገባ?

ቢላውን እንደያዘች ቆየች፤ ቆየችና ጭኗን በጥፊ መታች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ እሷ በግንቦት የሰው ስትሸፍን እሱ የጓሮውን ይሸፍን ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን የጓሮዋ ተራ የሚደርሰው የሰው እርሻ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሰኔ ተጋምሶ ነው። የትሉ እናት የእሳት ራቷ ደግሞ ፒልሬን ቁጭ ብላ አትጠብቅ! እንቁላሏን ጥላ ሄዳለች። ፒልሬ የሸፈነችው ኮኩን ከነትሉ ነው፤ ለትሉ ቤት ሠርታ፣ በር ዘግታ፣ ከዝናብና ከወፍ ጠብቃ አሳድጋዋለች።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ!» ብላ ብቻዋን ጮኸች። «ለአንድ ዛፍ እኮ ግማሽ ቀን ይበቃል! በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ቀን ለራሴ አጣሁ?»

የብስባሹ ነገር የገባት ደግሞ በብርዱ ወራት፣ ቅጠሉ ረግፎ ቅርንጫፉ ሲራቆት ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ጠቁረው የተጨማደዱ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል። ጋም የሚባለው ብርቱካንማ ፍሬ ሲለቀም ከላይ ጥቂት ፍሬ ለወፍ መተው የአገሩ ወግ ነው። ባሏ ሆደ ቡቡ ነበርና ለኮኩም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እሷም በሱ ስም ብላ በየዓመቱ ትተዋለች። ግን ጋም ወፍ ጠርጎ ይበላዋል፤ ኮክ ሻጋታውን ይዞ ይደርቅና በጸደይ ዝናብ አበባው ላይ ያራግፈዋል። ታዲያ በሱ ዘመን ለምን አልበሰበሰም? ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሰውየው በረዶ ሳይጥል መሰላል አቁሞ፣ ወፍ የተወውን አንድ ሳያስቀር አውርዶ ይቀብረው ነበር።

«ደግነቱን ብቻ ይዤ ሥራውን ረሳሁት!» አለች። ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነው። መሰላሉን አቁማ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገችና ራሷን እየሰደበች አንድ በአንድ አወረደቻቸው፤ ከግቢ ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው።

በግንቦት የሴቶቹ ጓድ አለቃ ቹንዎል መኪናዋን በር ላይ አቁማ ጥሩምባ ነፋች።

«ፒልሬ! ውጪ እንጂ፣ ረፈደ!»

«ዛሬ አልመጣም። የራሴን ሳልጨርስ የማንንም ፍሬ አልነካም።»

«ለዚች ለአንድ ዛፍ? አበድሽ እንዴ?»

«ለዚች ለአንድ ዛፍ! እስከዛሬ ነው ያበድኩት። ሂጂ፣ ነገ እመጣለሁ!»

ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቃ፣ የተጨናነቀውን ፍሬ ቀንሳ፣ የቀረውን በመዳፏ እያዞረች መርምራ፣ ንጹሑን ብቻ አለበሰች። ከምሳ በፊት አለቀ።

መታሰቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ማንሶክ መጋዙን በትከሻው አድርጎ ከተፍ አለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ፒልሬ ዛፉ ፊት ቆመች።

«ይቆዩ ጋሼ! መጀመሪያ ትል ያግኙልኝ። አንድ ትል ካገኙ መጋዙን እኔው እይዘዋለሁ።»

«ልቀቂኝ እባክሽ!»

«ይቅደዱት አልኩ እኮ! የአባባ ቁጣ ከሆነ ወረቀት ያቆመዋል እንዴ?»

ሽማግሌው ተናዶ አንዱን ከረጢት ቦጨቀ። የቀላ፣ የጠራ ኮክ። ሁለተኛውን ቀደደ፣ ሦስተኛውን። በቢላ ሰነጠቀው፤ ነጭ ሥጋ ብቻ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ጎድጓዳ አገኘና ዓይኑ በራ።

«ይሄስ?»

«ተባይ ነው። ከረጢቱ ላይ ቆሞ በአፉ ወጋው። አባባ የሚወጋ ምላስ እንጂ መርፌ አልነበራቸውም።»

ማንሶክ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው።

«ቢሆንም…» አለ። «ቢሆንም ሙት ያባርራል።»

ፒልሬ በቃት። የስንት ዓመት ዝምታዋ ገነፈለ።

«እሺ፣ ሙቱን ዛፉ አባረረው እንበል! የርስዎ ግቢ ውስጥ ኮክ የለ፣ ሣር እንኳ የለ፣ ሲሚንቶ ነው። ሕያዋኑን ማን አባረራቸው? ልጅዎ ጁንግቴ ደጅዎን ከረገጠ ስድስት ዓመቱ! እሱንም ኮክ ነው ያባረረው?»

ማንሶክ መጋዙን መሬት ላይ ለቀቀውና ማሰሮዎቹ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የሰነጠቀውን ኮክ በእጁ እንደያዘ ነበር። ሌላ ነገር የሚያደርገው ስለጠፋው ገመጠው። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ።

«ጁንግቴ ልጅ ሳለ» አለ፣ «የበላውን ኮክ ዘር ደጃፌ ላይ ቀብሮ በቀለለት። ጉልበቱ ድረስ ደርሶለት ነበር። ውኃ የሚያጠጣው በጥርስ ማጠቢያው ኩባያ ነው። ግቢ ውስጥ አይሆንም ብዬ… ዓይኑ እያየ ነቀልኩት።»

ፒልሬ ልታዝንለት ፈለገች። ግን ንዴቷ ገና አልበረደም።

«ታዲያ ይሄንን ለኔ ምን ይነግሩኛል? ለሱ ደውለው ይንገሩት እንጂ!»

ሽማግሌው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ጣቱ በኮክ ጭማቂ ስለተጨማለቀ መስታወቱ አልታዘዝ አለው፤ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ። ፒልሬ እየተነጫነጨች ከእጁ ነጠቀችውና የልጁን ስም ፈልጋ ደወለችለት።