የቀረኝ አንጀት

ሕመሙ የጀመረኝ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር በምሠራበት ቤት ልብስ ስተኩስ ነው። እምብርቴ ዙሪያ ጨምድዶ ያዘኝ። ጋዝ መስሎኝ ከሙን አፍልቼ ጠጣሁ። ወደ አመሻሹ አረንጓዴ ነገር አስመለሰኝ፤ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ማዳሜ ፊቴን ስታይ ደነገጠችና ራሷ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል። ሱዳናዊው ሐኪም በዐረብኛ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ትንሹ አንጀቴ ተጠምዝዞ ደም አጥቶ ነበር። አብዛኛው ሞቷል። ቆርጠው አውጥተውታል። እኔ የሰማሁት «ሞቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ኸላስ፣ አበቃልኝ አልኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ መካ፣ ነካሳ ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ራሕመት ቤቷ ወሰደችኝ። ዋናው ፍርሃት የመጣው ያኔ ነው። የበላሁት እንዳለ ይወጣል። ሩዙ ፍሬው እንኳ አይለወጥም። ለሶላት የምታጠበው ውዱእ አይይዝልኝም፤ ወዲያው ይፈርሳል። ከሳሁ። ካልበላሁ አይወጣም ብዬ መብላት ተውኩ። የመካውን ቅዱስ ውኃ ዘምዘምን ብቻ እጠጣለሁ፤ በጠጣሁ ቁጥር ይብስብኛል። ራሕመት ተደብቃ ስታለቅስ እሰማት ነበር።

አንድ ቀን መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቅኩ። ራሕመት ደግፋ ጅዳ፣ ወደዚያው ሐኪም መለሰችኝ። ግሉኮስ ከተሰካልኝ በኋላ ሐኪሙ አጠገቤ ተቀመጠ።

«የቀረሽ አንጀት የተቆረጠውን አንጀት ሥራ እየተማረ ነው» አለኝ። «ይሰፋል፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጣት መሳዮችም ይረዝማሉ። ግን የሚማረው ምግብ ሲያገኝ ነው። ባዶውን ከተውሽው አይማርም።»

የውኃውንም ነገር አስረዳኝ። ባዶ ውኃ ሲበዛ የሰውነትን ጨው ጠርጎ ይወጣል። ዘምዘሙን ለበረካው እንድጎነጭ፣ ጥሜን ግን ጨውና ስኳር ባለው በኦአርኤስ እንድቆርጥ አዘዘኝ።

ነካሳ ስንመለስ ራሕመት በትንሽ ሳሕን ሩዝና ዶሮ አቀረበችልኝ። ሳሕኑን ገፋ አደረግኩት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም፤ ቢስሚላህ ብለሽ ጉረሺ» አለችኝ።

ጎረስኩ። ወጣ። ደግሞ ጎረስኩ።

ለውጡ ሳይታወቀኝ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ሰገራዬ ወፈር አለ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ቻለ፣ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ደግሞ ሐረም መስጊድ ውስጥ ከራሕመት ጎን ተቀምጬ የአስርንም የመግሪብንም ሶላት በአንድ ውዱእ ሰገድኩና አልሐምዱሊላህ እያልኩ አለቀስኩ።

የቀረኝ አንጀት ቪታሚኑን ስለማይመጥልኝ ዛሬም የቢ12 መርፌ እወጋለሁ። ጣፋጭ ጭማቂ ስለሚያስቀምጠኝ አልደፍርም። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል። እህቴን፣ ሐኪሙን፣ ያን ቀን ያልዘገየችውን ማዳሜንም አላህ በመልካም ይመንዳልኝ። አንጀታችሁ የተቆረጠባችሁ ወገኖቼ፣ ምን እንደምትጠጡ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ደጋግማችሁ ብሉ። ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ ግን አትጠብቁ። እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እየፈራሁ ነው የምበላው።